የግራው ስፒከር ልብስ

ላምበረት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልዋ እናት ለሰኪና፣

አሰላሙ ዐለይኩም። መንገዱ እንዴት አደረገሽ? የእህትሽ የሸይማ ጉልበትስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ይህን የሚጽፍልሽ ባልሽ ሙነወር ነው። ጎረቤት አይደለም፣ ሰልዋም አይደለችም፣ የመስጊዱ ደረሳም አይደለም። ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ። እስክሪብቶው የሹፌሩ የሰዲቅ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው።

በሰዲቅ አፍ የላክሽብኝን “አለፈ ወይ?” የሚል ጥያቄ ሰምቻለሁ። ስድብ ነው። ወረቀቴን ተቀበልኩ፣ የወጣሁትም አንደኛ ነው። አስራ አንድ ነበርን፤ ስድስቱ ተኝተው ነው የተማሩት፣ ያ ግን የነሱ ጉዳይ ነው። ቲቸር ውባንቺ በሰው ፊት፣ “ጋሽ ሙነወር ስድሳ አንድ ዓመት ያጠራቀሙትን ወሬ ዘንድሮ ሊጽፉት ነው” አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ምስጋና ነው ብዬ ወሰድኩት። አንቺ ማታ ትምህርት ካልገባህ ብለሽ ስትነዘንዢኝ፣ ይህን ሁሉ ክብር እንደማመጣ ሳታውቂው አልቀረሽም።

ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አትደውዪልኝ። አላነሳም። አንድ ዓመት ሙሉ የጠመኔ ብናኝ የበላሁት “ሃሎ፣ ይሰማል?” ለማለት አይደለም። ነገር ካለሽ ጻፊ። ሰዲቅ በሳምንት ሁለቴ አውቶቡሱን ኮምቦልቻ ያደርሳል፤ ደብዳቤውን ከራሱ መንጃ ፈቃድ ጋር ነው የሚያስቀምጠው።

ከተማው እንዲህ የተጻፈበት መሆኑን አላውቅም ነበር። ባለፈው ከሃያ ሁለት ወደ ቦሌ ስሄድ፣ መስኮት ጋ ተቀምጬ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩ። “የጥርስ ሕክምና”፣ “የሚከራይ ቢሮ”፣ “የጥርስ ሕክምና”፣ “ኬክ ቤት”፣ “የጥርስ ሕክምና”። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ “ፋዘር፣ ሬዲዮኑን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልን” አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ። ግን አየሽ፣ ሠላሳ ዓመት እዚህ ስኖር ይህ ሁሉ ሰው ጥርሱን እንደሚያመው አላውቅም ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቴፑ ማጉረምረም ጀመረና፣ ሃያ ሁለት ፎቁ ሥር ቴፕና ቴሌቪዥን የሚሠራውን አሌክስን ቤት ጠራሁት። ሽቦውን ቀየረና ስፒከሮቹን አየት አድርጎ፣ “ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ልብስ ምን አለበሷቸው? በርዷቸው ነው?” አለኝ። ዳንቴልሽን ነው። ከዳንቴሉ ሥር ያለውን፣ ጥቁር ጨርቅ የተወጠረበትን ሽፋንም አውልቀው ይጣሉት ይላል። ድምፅ በጨርቅ ሲያልፍ አፍን በነጠላ ሸፍኖ እንደ ማውራት ነው አለኝ። እኔም፣ “ያለ ባለቤቴ ፈቃድ አንድ ክር አልነካም” አልኩት።

እንግዲህ ፍረጂ። ላውልቅ ወይስ ይቀመጥ?

ባልሽ ሙነወር፣ ከክፍሉ አንደኛ

የረሳሁት፦ ለእህትሽ ጉልበት ብለሽ የገንፎ ዱቄትና ሁለት ትንንሽ ብርድ ልብሶች ይዘሽ መሄድሽን ሰዲቅ ሻንጣሽን ሲጭን አይቷል። ለሸይማ ጉልበት ልኩ ከሆነ ጥሩ ነው። ማርም ልኬያለሁ። እኔ ምንም አልጠየቅኩም።


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልዋ አባት፣

ወዐለይኩም ሰላም። ማሩ ሳይፈስ ደርሷል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ማን ጻፈለት ብዬ። ሁለተኛ እውነት እሱ ነው እንዴ ብዬ። ሦስተኛውን ለራሴ ልተወው። ስንት ዓመት የመብራቱን ወረቀት፣ የቀበሌውን ወረቀት፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት ሳነብልህ ኖሬ፣ አንድ ቀን አንተ ለእኔ የጻፍከውን አነባለሁ ብዬ አላሰብኩም። ጉራህ ግን ወረቀት ላይም አልቀነሰም። አሁንም ማልልኝ፤ በወላሂ በል፣ ማንም አልረዳህም?

ሸይማ ይሻላታል። ብርድ ልብሱ ለማታ ነው፤ ኮምቦልቻ ዘንድሮ ይበርዳል።

ስፒከሮቹን አትንካ። ሽፋኑም ዳንቴሉም እንዳሉ ይቀመጡ። መንገዱ ተቆፍሮ አዋራው እንዴት እንደሚገባ ታውቃለህ። የጎረቤት ድመት አለች፣ ጥፍሯን የምትስልበት ትፈልጋለች። ልጅም ይመጣል። አሌክስ የሚያውቀው ድምፅ ነው እንጂ የኔን ቤት አያውቅም።

በተለይ የግራውን አትንካ።

ሰኪና


ላምበረት፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልዋ እናት፣

ወላሂ፣ ማንም አልረዳኝም። ረዳኝ የሚል ካለ ይምጣና ፊቴ ቆሞ “ብርድ ልብስ” ብሎ ይጻፍ።

ኮምቦልቻ ይበርዳል ስትዪ ግን ሰዲቅን በሳቅ ገደልሽው። እኔ እኮ እዚያ ስንት ዓመት በካኒቴራ ዕቃ ያወረድኩ ሰው ነኝ! ደግሞ “ልጅም ይመጣል” ያልሽው የትኛው ልጅ ነው? ሰልዋ እስካሁን አልወለደችም። ይኸው ደግሜ፣ ምንም አልጠየቅኩም።

ስለ ስፒከሮቹ ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውስሽ። ጓደኛዬ አብዱራሕማን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከጅዳ ያመጣልኝ ቀን ትዝ ይልሻል? ሰማንያ ስምንት ላይ። ሁለት ካርቶን። እኔ በቀን መቶ የሰው ዕቃ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ የምጭን ሰው፣ ያን ቀን ግን የማንንም እጅ አላመንኩም። ከሃያ ሁለት እስከ ቤት አንዱን ካርቶን በራሴ ላይ አድርጌ አደረስኩና ለሌላው ተመለስኩ። እስክመለስ አብዱራሕማን የቀረው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር።

ያኔ ሽፋን የሚባል ነገር አላውቅም። ጥቁሩን ጨርቅ አውልቄ፣ መሐል ያለው ወረቀት ሲርገበገብ እንግዳውን ሁሉ አሳይ ነበር። “መዳፍህን አስጠጋ፣ ንፋሱ ይሰማሃል?” እያልኩ። ዓርብ መንዙማ፣ እሑድ ደግሞ የወሎ ዘፈን። አንቺ ሰው የማያይሽ መስሎሽ ጓዳ ውስጥ ትከሻሽን ስትነቀንቂ በመጋረጃው ቀዳዳ አይ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም፤ ብነግርሽ ታቆሚዋለሽ ብዬ።

ከዚያ አንድ ሰሞን ለጭነት ደሴ ሄጄ ሳምንት ቆይቼ ስመጣ፣ ሁለቱም ስፒከሮች ለብሰው ጠበቁኝ። “አዋራ ነው” አልሽ። ወሩ ሳያልቅ ዳንቴል ሠርተሽ ከላይ ሰፋሽባቸው። ሚስቴ ዕቃዬን አከበረችልኝ ብዬ ለስንቱ ተኩራራሁ መሰለሽ!

እሺ፣ ልንገርሽ። የቀኙን አወለቅኩት። አትቆጪ። ዳንቴሉን በምላጭ ሳይሆን ክሩን እየፈታሁ ነው ያነሳሁት። ሰኪና፣ ድምፁ! ያ የድሮው መንዙማ ካሴት፣ ሼሁ ከግጥም ወደ ግጥም ሲሄዱ ትንፋሽ ሲስቡ ይሰማል። ከበሮውን የሚመታው ሰው መዳፉ ሻካራ መሆኑ ይሰማል። የቀኙ ራቁቱን፣ የግራው እንደለበሰ ስለሆነ፣ አንዱ ጆሮዬ ዛሬ ነው፣ ሌላው ጆሮዬ ግን ስንትና ስንት ዓመት ወደኋላ ቀርቷል።

የግራውን ለብቻ ለይተሽ አትንካ ያልሽበትን ግን ልረዳው አልቻልኩም። ለምን?

ሙነወር፣ ያለ ረዳት


ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰልዋ አባት፣

ቀዳዳውን አውቀው ነበር። መጋረጃውን የምሰፋው እኔ ነኝ።

የቀኙን መልሰህ አልብሰው። የግራውን ለምን አልክ? የሰልዋ ሠርግ ዕለት ምን እንደሆነ ረስተኸው ነው? አራት ዓመት ሆነው እንጂ እኔ አልረሳሁም። በማን ላይ እጅህን እንዳነሳህ ስሙን አልጽፈውም። በዚህ ቤት ስሙ እንዳይጠራ ያልከው አንተ ነህ። ወረቀት ይፈቀዳል ወይ ብዬም አልጠይቅህም።

ያ ስፒከር ሲገለጥ ያ ቀን ይመጣብኛል። ተሸፍኖ ይቆይ።

ሰኪና


ላምበረት፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰኪና፣

አልረሳሁም። ረስቶ እንደሆነ ብለሽ መጠየቅሽ ራሱ አሞኛል። እኔ የምረሳው የሰው ውለታ ነው እንጂ ጥፋት አልረሳም፤ የራሴን ካልሆነ በቀር።

እንዲያውም ልጻፈው፣ መጻፍ ከቻልኩ። ዳሱ ተጥሎ፣ የሙሽራው ሽማግሎች ገብተው ተቀምጠዋል። ልጁ ድምፁ ዳሱ ድረስ እንዲሰማ ብሎ የስፒከሮቹን ሽፋን አወለቀ። እኔ ሽማግሎቹን እየመራሁ፣ “ይኸውላችሁ፣ ከጅዳ የመጣ ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት አንድ ጭረት አላገኘውም” አልኩ። ሁሉም ጎንበስ ብለው አዩ። የግራው መሐል፣ እንደ እምብርት የሚጎብጠው ቦታ፣ ወደ ውስጥ ተሰርጉዷል። አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። “አንተ ነህ?” አልኩት ልጁን። “አባ፣ እኔ አልነካሁትም፣ ስገልጠው እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት” አለኝ። “ውሸታም!” አልኩት። ከዚያ በጥፊ። በሃያ ስምንት ዓመቱ፣ በእህቱ ሠርግ፣ በሰው ፊት። በማግስቱ በሰዲቅ አውቶቡስ ሄደ። እኔም ስሙ እንዳይጠራ አልኩ።

ይኸው አልረሳሁም።

አሁን የመጣው ነገር ሌላ ነው። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እልህ ያዘኝና የግራውንም ገለጥኩት። አሌክስ አጠገቤ ነበር። ስርጉዱን አየና፣ “ጋሼ፣ ጣትዎን እዚህ ያስገቡ እስቲ” አለኝ። አውራ ጣቴ የት! ትንሿ ጣቴ እንኳ አልሞላችበትም። “ይሄ የሕፃን ጣት ነው” አለኝ። “በየቤቱ የማየው ነው። ሕፃን እምብርት ያገኘ ይመስለውና ጫን ያደርገዋል። ሽፋኑ የተሠራው ለአዋራ ብቻ መሰለዎት? ይኸውልዎት ደግሞ፣ ስርጉዱ ውስጥ ያለው አዋራ ደርቆ ቆዳ ሆኗል። የዛሬ አራት ዓመት አይደለም፤ ጥንት ነው።”

“ድምፁን ምን ያህል ጎዳው?” አልኩት።

“ምንም” አለኝ። “ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ ምንም አያመጣም።”

ሰኪና፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ፊደል ሳልቆጥር አውቶቡሶቹን የማውቃቸው በስርጉዳቸው ነበር። ታርጋ ማንበብ አልችልም፤ የወልዲያው የኋላ በሩ፣ የደሴው የቀኝ ጎኑ፣ እያልኩ ነው ዕቃ ሳላሳስት ሠላሳ ዓመት የጫንኩት። ጭርምቱን አይቼ የመታው በሬ ይሁን ድንጋይ፣ የትናንት ይሁን የከረመ፣ እናገር ነበር። ሹፌሮች ሲጣሉ እኔን ነበር የሚጠሩት። ያ ሁሉ አውቶቡስ ያነበብኩ ሰው፣ በገዛ ቤቴ አንዷን ስርጉድ ማየት አቃተኝ። ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁም። ሰው እያየኝ ነበራ።

ጣቱ የማን ነው? መቼ ነው? “በተለይ የግራውን” ያልሽው ይህን ብታውቂ ነው። አልቀልድም። ጻፊልኝ።

ሙነወር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙነወር፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው።

በአፍ ልነግርህ ስንቴ ጀመርኩ። አንተ ነገር ሲከብድህ ቀልድ ታመጣለህ። ቀልዱ ሲያልቅብህ ኮትህን ታነሳና ትወጣለህ። ወረቀት ግን አታቋርጠውም። ሌላ ሰው እንዲያነብልህ ደግሞ ልጽፈው አልችልም ነበር፤ ለሰልዋ ነው ወይስ ለጎረቤት የምሰጠው? ማታ ትምህርት ግባ እያልኩ የነዘነዝኩህ ለዚህች ደብዳቤ ነው። አንተ ለክብርህ መስሎህ ነበር።

ደሴ የሄድክ ሰሞን ነው። ኢክሪማ ሦስት ዓመቱ። እኔ ውጭ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ቴፑ ይጮሃል። ስገባ ልጁ ሸሚዙን ገልቦ፣ አንድ ጣቱን የራሱ እምብርት ላይ፣ አንድ ጣቱን ስፒከሩ ላይ አድርጎ ቆሟል። “እማ፣ እሱም አለው!” አለኝ። ደስ ብሎት ነበር፤ ወንድም ያገኘ ነበር የሚመስለው። ጣቱን ሲያነሳ ተሰርጉዶ ቀረ። “ለምን አልሳቀም?” አለኝ። አንተ ሆዱን ስትነካው እሱ ይስቅልሃል አይደል? እንደሱ መስሎት ነው።

አንተ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት፣ እንግዳ በተቀመጠበት፣ “ይህን ዕቃ የነካ እጁን እሰብራለሁ” ብለህ ነው የሄድከው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የትኛው ቀልድህ እንደሆነና የትኛው እውነትህ እንደሆነ ገና መለየት አልቻልኩም ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የጣልከውን ሽፋን አውጥቼ አለበስኩት። የግራው ብቻ ሲለብስ እንዳትጠረጥር የቀኙንም አለበስኩ። ቀስ ብሎ ማንም እንዳያነሳው ዳንቴል ሠርቼ ሰፋሁበት። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ስሠራ አንተ ቤት በሌለህ ቀን ነበር የምቀይረው።

ልጁ ረሳው። የሦስት ዓመት ልጅ ምን ያስታውሳል? በሠርጉ ዕለት አልነካሁትም ሲልህ የሚያውቀውን እውነት ነው የነገረህ። እኔ ደግሞ ሳህን ይዤ ከበሩ ሥር ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። እጅህ ቀደመኝ። ከዚያ ሰው ነበረ፣ ከዚያ ሠርግ ነበረ፣ ከዚያ ስሙን ከለከልክ፣ ከዚያ ደግሞ ዘገየሁ። በዘገየሁ ቁጥር ጥፋቱ ካንተ ወደ እኔ እየዞረ መጣ። ያ ጥፊ ለእኔ የሚገባ ነበር።

አንድ ሌላም አለ። ሸይማ ጉልበቷ ከኔ ይሻላል። ያለሁት ኢክሪማ ቤት ነው። ሚስቱ ወልዳ ነው፤ ወንድ ነው፣ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ቀኑ። ለኢክሪማም ይህንኑ ትናንት ነገርኩት፣ ካንተ በፊት። እሱም በሦስት ዓመቱ ስለተሠራው ነገር እውነቱን ማወቅ ነበረበት። አልተቆጣኝም፣ አልሳቀምም።

የልጁን ስም አልጽፍልህም። አባቱ ይንገርህ፣ ከፈለገ።

ሰኪና


ላምበረት፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢክሪማ እናት፣

ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ቆሜ አነበብኩት።

ጥፊው ያንቺ አይደለም። እጁ የኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ልጅ ቀልዴን ከእውነቴ መለየት ካቃታት፣ ጥፋቱ የቀላጁ ነው። ሌላ የምጽፈው ነበረኝ፣ ሰርዤዋለሁ።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። የኢክሪማ ነው። አትክፈቺው፣ አታንብቢለት፣ ምን ይላል ብለሽም አትጠይቂው። ሰባት ወረቀት አበላሽቼ ነው ስምንተኛው ላይ የወጣልኝ። ቲቸር ውባንቺ “ያምጡ ጋሼ፣ ላርምልዎ” ብላኝ ነበር። አልሰጠኋትም። ስህተቱ እንዳለ ይሂድ።

ብርድ ልብሱ ለማን እንደሆነ ገና ሰዲቅ ሲነግረኝ አውቄአለሁ። ማሩንም ለጉልበት አልላክሁም። ግን እንዲህ በቀጥታ ሲጻፍ ሌላ ነው። ሠላሳ ሁለት ቀን። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ሆኖታል።

ሙነወር


ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢክሪማ አባት፣

እንዲህ ብዬ ከጠራሁህ አራት ዓመት አለፈ። እጄ ሳያስበው ጻፈው።

ፖስታውን ሰጠሁት። “ማን ጻፈለት?” አለኝ። “እሱ ራሱ” አልኩት። አገላብጦ አየው፣ የራሱ ስም የተጻፈበትን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገው። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ ወጣ። ስትመለስ ብላ እንኳ አላልኩትም። ሲመጣ ወረቀቱ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር። እኔም እንዳልከኝ ምንም አልጠየቅኩም። ሸሚዙን ልጠብ ብለው ግን ወረቀቱን አውጥቶ ወደ ሌላው ሸሚዝ አዛወረው።

በሦስተኛው ቀን ልጁን እያጠብኩ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። “እማ፣ እኔ እኮ ምንም ትዝ አይለኝም” አለኝ። “ስፒከሩም፣ ሸሚዝ መግለቡም።” ከዚያ ጎንበስ ብሎ የልጁን እምብርት በትንሿ ጣቱ ነካ አደረገው። ልጁ ገና መሳቅ አያውቅም፣ ዝም ብሎ አየው። ኢክሪማ ግን ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ፊቱን አዞረብኝ።

በኋላ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛ፣ “አሌክስ የሚሉት ሰውዬ ስርጉዱን አወጣው እንዴ?” ሁለተኛ፣ ሰዲቅ ወደ አዲስ አበባ የሚነዳው ሐሙስ ነው ወይስ ዓርብ? ቀኑን እያወቀው ነው የጠየቀኝ።

ምን ልበለው?

ሰኪና


ላምበረት፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢክሪማ እናት፣

ሐሙስ ነው በዪው። ዓርብ ካለ እስከ ቅዳሜም እጠብቃለሁ፣ ግን ሐሙስ ነው። አርባውም አልፏል፤ ለልጁም መንገዱ አይከብደውም። ሰዲቅ ከፊት ያለውን ወንበር ለአራሷ ይዞላታል፤ አስምዬዋለሁ። “የሰው ወንበር በወላሂ ሲያዝ የመጀመሪያዬ ነው” እያለ ሲስቅብኝ ዋለ።

ስለ ስርጉዱ። አሌክስ ፕላስተር ቆርጦ ጣቱ ላይ ለጥፎ፣ “አንድ ደቂቃ ጋሼ፣ ለጠፍ አድርጌ ሳብ ሳደርገው እንደ አዲስ ይሆናል” እያለ ጎንበስ አለ። እጁን ያዝኩት። “ኧረ ጋሼ፣ አያመውም!” አለኝ። “ተወው” አልኩት። ይህ ደብዳቤሽ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ ለኢክሪማ እሱን ንገሪልኝ። ፕላስተሩን አልጣልኩትም፤ የኢክሪማን ፖስታ ያሸግኩት በሱ ነው።

አሁን ለአንቺ ፍርድ። አዋራ ያልሽው እውነት ነው፣ መንገዱ አሁንም ተቆፍሯል። ስለዚህ እስከ ረቡዕ ማታ ሁለቱም ጥቁሩን ሽፋን ለብሰው ይቆያሉ። ሐሙስ ጠዋት ሁለቱንም እገልጣቸዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ አይለብሱም። ዳንቴሎቹን አጥቤ አጣጥፌአለሁ። አስተጣጠፌ ጠማማ ነው፣ እንዳትስቂ። እያንዳንዷ ክር የምን ፍርሃት እንደሆነች እያየሁ ነው ያጠፍኳት።

የሰፈሩ ሰው ከአሁኑ ሰልችቶኛል ሊል ነው። የመጣውን እንግዳ ሁሉ ከግራው ስፒከር ፊት አስቀምጬ፣ “ይህን ያደረገው ልጄ ነው፣ በሦስት ዓመቱ፣ በአንድ ጣት!” እላለሁ። ትናንት የአንደኛው ሽማግሌ ልጅ ለጉዳይ መጥቶ ነበር። አባትህ የሠርጉ ቀን ሳቁን በሳል ሲሸፍን አይቼዋለሁ፣ አሁን መጥቶ በደንብ ይሳቅ በለው አልኩት።

አንድ ነገር ላጫውትሽ። መናኸሪያው በር ላይ፣ ሠላሳ ዓመት እንግዳ ስቀበል የቆምኩባት ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ ትናንት አነበብኩ። “መውጫ” ይላል። ያን ሁሉ ሰው በመውጫ ስቀበል ኖሬያለሁ! ሐሙስ ግን በመግቢያው በኩል ነው የምቆመው። የሰዲቅን ታርጋ አሁን ማንበብ እችላለሁ። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ የማየው የግራ ጎኑን ጭርምት ነው። እሱ ከሩቅ ይታየኛል።

የልጁን ስም አትጻፊልኝ። ከአባቱ አፍ ልስማው።

የቀኙ ስፒከር እምብርት ገና ሙሉ ነው፣ ምንም አልነካውም። ከወለሉ ከፍ ብሎ ነበር፣ አወረድኩት፤ አሁን የሦስት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ይቆያል ትዪኝ ይሆናል። ይቆይ። እኔ ለ“ሀ” ስድሳ ዓመት የጠበቅኩ ሰው ነኝ።

ሙነወር፣ የኢክሪማ አባት